የቆየ የንግድ ሶፍትዌር መግቢያንና ሜኑን ማቅለል፦ ከባሕር ዳር መደብርና መጋዘን ልምድ

አባይ ማዶ ባለ አንድ የጅምላ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ የንብረት ሠራተኛው 20 ከረጢት ዱቄት ወጪ ለማድረግ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በይለፍ ቃል ይከፍታል፤ ቀጥሎ ከድልድዩ ወዲህ ገበያው አጠገብ ካለው የዋናው መደብር ሰርቨር ጋር ለመገናኘት ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያስገባል፤ የሽያጭና የንብረት ሶፍትዌሩ ሲከፈት ደግሞ ሦስተኛ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ቅርንጫፉን ይመርጣል፣ የበጀት ዓመቱን ይመርጣል፣ ከዋናው ሜኑ ወደ «ስቶር»፣ ከ«ስቶር» ወደ «ትራንዛክሽን»፣ ከ«ትራንዛክሽን» ወደ «ወጪ» ይወርዳል። ዕቃውን ሊጭን የመጣው አይሱዙ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀዋል። እንዲህ ባለ ቤት የሚከተለው የታወቀ ነው፤ ጠዋት ቀድሞ የመጣው ሰው በራሱ ስም ከፍቶ ይተወዋል፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ስም ሲሠራ ይውላል፣ የይለፍ ቃሉም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከኪቦርዱ ሥር ይገኛል። ቆጠራ ላይ ጉድለት ሲመጣ ወጪውን ማን እንደመዘገበ ሶፍትዌሩን ቢጠይቁት የሚነግረው የዚያን ቀድሞ የመጣ ሰው ስም ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ሶፍትዌራቸውን በአዲስ ለመተካት ገንዘቡም ጊዜውም ለሌላቸው ቤቶችና ለእነሱ ለሚሠሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከፎክስፕሮ፣ ማለትም ዳታ የሚይዙ ፕሮግራሞች ከሚጻፉበት የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ በከተማችን ሱቆች፣ ሆቴሎችና ወፍጮ ቤቶች እስከ ዛሬ የሚሠሩ በርካታ የሂሳብና የንብረት ፕሮግራሞችን ያየሁት በእሱ ተጽፈው ነውና። ማይክሮሶፍት ፎክስፕሮን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የመጨረሻውን ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9ን እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ አውጥቶ ድጋፉን ሙሉ በሙሉ ያቋረጠው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ነው። አምራቹ ቢተወውም ፕሮግራሞቹ በአዳዲስ ዊንዶውሶች ላይ መሥራታቸውን አላቆሙም፤ ስለዚህ መግቢያቸውንና ሜኗቸውን ማስተካከል ሊደከምበት የሚገባ ሥራ ነው። ሶፍትዌራችሁ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

ከመንካት በፊት መቁጠር

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ኮድ መክፈት አይደለም፤ ከአንድ ሠራተኛ ጎን ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ከበራበት ጊዜ አንስቶ የመጀመሪያው ደረሰኝ እስኪመዘገብ ድረስ የተጠየቀውን እያንዳንዱን ጥያቄ፣ የተጫነውን እያንዳንዱን ቁልፍ በወረቀት ይጻፉ። ጥያቄዎቹን በሦስት መክፈል ይቻላል፤ ማንነትን የሚጠይቁ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጣቸው፣ በእውነት ምርጫ የሚያስፈልጋቸው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ቅርንጫፉን በየቀኑ «አባይ ማዶ» ብሎ የሚመልስ ከሆነ ያ ጥያቄ ከሁለተኛው ወገን ነውና በቀጥታ ሊወገድ ይችላል፤ በተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ከስሙ ጎን የቅርንጫፉን መለያ የሚይዝ አንድ ዓምድ መጨመር ብቻውን ይበቃል።

የበጀት ዓመት ምርጫው ግን በዚህ መልክ አይታለፍም። ዓመቱን ሙሉ መልሱ አንድ ሆኖ ይቆይና ሐምሌ 1 ሲገባ ይለወጣል፤ ያኔ ሰኔ 30 የተዘጋው ዓመት ቀሪ ምዝገባዎች ሳያልቁ አዲሱ ይጀመራል፣ ለሳምንታትም ሁለቱ ዓመታት ጎን ለጎን ክፍት ይሆናሉ። በእኔ እምነት የተሻለው መንገድ ከአንድ በላይ ዓመት ክፍት ካልሆነ ጥያቄውን አለማሳየት፣ ሁለት ክፍት ሲሆኑ ደግሞ መደብርና መጋዘኑን በቀጥታ ወደ አዲሱ ዓመት ማስገባት፣ ምርጫውን ለሂሳብ ክፍሉ ብቻ መተው ነው። አሮጌውን ዓመት የከፈተ የሂሳብ ሠራተኛ ከማያ ገጹ አናት ላይ «የ2016 በጀት ዓመት» የሚል ሰፊ ቀይ መስመር ሥራውን እስኪዘጋ ድረስ ሊታየው ይገባል፤ ይህ መስመር ባለመኖሩ የነሐሴ ደረሰኞች በአሮጌው ዓመት ተመዝግበው ሁለት ሌሊት ስናስተካክል ያደርንበትን ጊዜ አልረሳውም።

ቁጥሩን ለባለቤቱ ሲያቀርቡ በደቂቃ አስልተው ያቅርቡት። አንድ ሠራተኛ በቀን 10 ጊዜ ቢገባና አንዱ መግቢያ 1 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ለ6 ሠራተኞች በቀን 1 ሰዓት ይሆናል። ነጋዴ ስለ አጠቃቀም ምቾት ቢነግሩት ላይሰማ ይችላል፤ ይህን ስሌት ግን ራሱ ይጨርሰዋል።

ሠራተኛው የተቀመጠበት ቦታ መግቢያውን ይወስናል

ብዙዎች መግቢያን ማቅለል ሲባል የይለፍ ቃልን ማስቀረት ይመስላቸዋል። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ኮምፒዩተር የአንድ ሰው ነውና ዊንዶውስ ጠዋት የጠየቀውን ሶፍትዌሩ ደግሞ መጠየቅ አይኖርበትም። ለካሸር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በአንድ ባንኮኒ ላይ ሦስት ሰው እየተፈራረቀ ይሠራል፣ እዚያ ሶፍትዌሩ መጠየቅ ያለበት ብዙ ጊዜ ነው፣ ነገር ግን በሁለት ሴኮንድ በሚመለስ መንገድ። መጋዘኑ ከሁለቱም የተለየ ጣጣ አለበት። እነዚህን ሦስቱን በአንድ መፍትሔ ለመጠቅለል የሚሞክር ሰው አንዱን አስደስቶ ሁለቱን ያስመርራል።

ከቢሮው እንጀምር። ሠራተኛው ወደ ዊንዶውስ የገባበትን ስም ፕሮግራሙ አንብቦ በተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ይፈልገዋል፤ ካገኘው በቀጥታ ያስገባዋል፣ ካላገኘው የቆየውን የመግቢያ መስኮት ያሳያል። ስሙን የማንበቢያው መንገድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ውስጥ «ዩዘርኔም» የተሰኘ የአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በስሙ ጠርተው የሚያነቡት ዋጋ አለ፤ ማንበቡ ቀላል በመሆኑ ብዙ ፕሮግራመሮች እሱን ይጠቀማሉ፤ ይሁን እንጂ ማንኛውም ተጠቃሚ በትእዛዝ መስኮት አንድ መስመር ጽፎ ሊለውጠውና ፕሮግራሙን ከዚያው መስኮት በሥራ አስኪያጁ ስም ሊያስነሳው ይችላል። በፎክስፕሮ «ሲስ ዜሮ» የተባለው ተግባር የኮምፒዩተሩን ስምና የተጠቃሚውን ስም በመሰላል ምልክት (#) ለይቶ ይመልሳል፤ ከተለዋዋጩ ይልቅ ይህን መጠቀም፣ ወይም የዊንዶውስን የራሱን የተጠቃሚ ስም መጠየቂያ ተግባር መጥራት ይሻላል። ሌላው ቅድመ ሁኔታ ኮምፒዩተሮቹ በአንድ ዶሜይን፣ ማለትም የሁሉንም ተጠቃሚዎች ዝርዝር አንድ ሰርቨር በሚይዝበት መረብ ሥር መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለው ከሆነ፣ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ተጠቃሚ ፈጥሮ የሚገባውን ሰው የሚከለክለው ነገር የለም።

ዶሜይን ባለበት ቤት ደግሞ ሰዓት ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ከዊንዶውስ 2000 ወዲህ የዶሜይን መግቢያ የሚሠራው ኬርቤሮስ በተባለው ሥርዓት ነው፤ በመደበኛ ቅንብሩ በሰርቨሩና በኮምፒዩተሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ሲኖር ጥያቄውን አይቀበልም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበት አሮጌ ኮምፒዩተር በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል፤ በማግስቱ ሠራተኛው «የይለፍ ቃሌን አልቀበል አለኝ» ይላል፣ ባለሙያውም የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ይውላል። ከዚያ በፊት ሲአር2032 የሚባለውን የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ መለወጥ ነበረበት። ሌላም አለ፤ አንዳንድ ሠራተኛ የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር እንዲስማማለት ብሎ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የሐበሻ አቆጣጠር ሊታይ የሚገባው በሶፍትዌሩ ማያ ገጽ ላይ በስሌት ነው፤ የኮምፒዩተሩ የሰዓት ክልል ናይሮቢ በተጻፈበት፣ ሰዓቱም በትክክለኛው ላይ መቆየት አለበት፣ የመቀየር ሥልጣኑም ከሠራተኛው መነሳት ይኖርበታል።

ወደ ባንኮኒው ስንሄድ ዊንዶውሱ በማንም የግል ስም መከፈት የለበትም። ለዚያ ኮምፒዩተር ብቻ የሚያገለግል፣ ከሽያጭ ፕሮግራሙ በቀር ሌላ የማይከፍት መለያ ይፈጠርና ኮምፒዩተሩ ሲበራ በራሱ ይግባ። ፕሮግራሙ በዚያ ባንኮኒ የሚሠሩትን ሰዎች ስም በትልልቅ ቁልፎች ያሳያል፤ ካሸሯ ስሟን ነክታ አጭር የቁጥር ኮድ ታስገባለች። ኮዱ ከዚያ ኮምፒዩተር ውጪ እንዳይሠራ ማድረግና ከ5 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ለጊዜው መቆለፍ ያስፈልጋል፤ አራት አሃዝ ብቻውን ጥበቃ የሚሆነው በእነዚህ ሁለት ገደቦች ሲታጠር ነው። ለሁለት ደቂቃ ያህል ያልተነካ ባንኮኒ ወደ ስሞቹ ገጽ ይመለስ፤ ነገር ግን የተጀመረው ደረሰኝ እንዳይጠፋ። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ችላ ያለ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን የካሸሮቹን ቁጣ ያተርፋል፤ ደንበኛው ዘይቱን ልጨምር ወይስ ይቅር እያለ ሲያመነታ የተመዘገበው ዕቃ ሁሉ ከጠፋ፣ ነገ መቆለፊያውን የማያስነሳ ዘዴ ይፈልጋሉ፣ ያገኙታልም። አይጡ ላይ ከባድ ነገር አስደግፈው የሚሠሩበት ቤት አይቻለሁ።

መጋዘኑ ላይ ችግሩ ርቀት ነው። የፎክስፕሮ ዳታ በፋይል መጋራት፣ ማለትም እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሰርቨሩን ፋይሎች በቀጥታ እየከፈተ የሚሠራ በመሆኑ ከአንድ ሕንፃ ውጪ በኢንተርኔት መስመር ቢከፈት ይዘገያል፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥርም የኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ እየሠራ ማያ ገጹ ብቻ ከሩቅ በሚታይበት ዘዴ፣ ሰርቨሩ ላይ መሥራት ትክክል ነው። ሦስቱን የይለፍ ቃል ወደ አንድ ማውረድ የሚቻለው እንዲህ ነው። የመጋዘኑ ኮምፒዩተር ከዶሜይኑ አባል ይደረግ፤ በዶሜይኑ ፖሊሲ ውስጥ ሠራተኛው የገባበትን ማንነት ለዚያ ሰርቨር ብቻ አሳልፎ የመስጠት ፈቃድ ይከፈት፤ ሙሉው ዴስክቶፕ በመታየት ፈንታ ሪሞትአፕ በተባለው ዘዴ ፕሮግራሙ ብቻ እንደ ማንኛውም መስኮት ይከፈት፤ ፕሮግራሙም ከላይ እንደተገለጸው ስሙን ከዊንዶውስ ያንብብ። ሠራተኛው ጠዋት አንዴ ከገባ በኋላ አዶውን ነክቶ በቀጥታ የወጪ መመዝገቢያው ላይ ይደርሳል። በሰርቨሩ ላይ በርቀት የመግባት መብት የሚያስፈልገው ለዚህ ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ ለሁሉም የተከፈተ ከሆነ በዚሁ አጋጣሚ ይዝጉት፤ የሪሞት ዴስክቶፕ ወደብንም ለኢንተርኔት በቀጥታ ክፍት አድርገው አይተዉት፣ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር ውስጥ ይለፍ።

መብራት ሲሄድ ገብቶ የሚቀር ተጠቃሚ

በክረምት ነጎድጓድ ከጣና በኩል ሲነሳ የሚደርሰኝ ስልክ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሲስተሙ ቀድሞ ገብተሃል ይለኛል»። የቆዩ ፕሮግራሞች አንድ ሰው ሲገባ በሠንጠረዥ ላይ «ገብቷል» የሚል ምልክት ይጽፋሉ፤ ሲወጣ ይሰርዙታል። መብራት ከሄደ የሚሰርዘው የለም። ብዙ ቤቶች ይህን ለመፍታት ምልክቱን የሚያጠፋ ቁልፍ ለሁሉም ሰጥተዋል፤ ያኔ ክልከላው ትርጉም ያጣል።

ምልክት ከመጻፍ ይልቅ የሪከርድ መቆለፍን መጠቀም ይሻላል። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ሲገባ በተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ውስጥ የእሱን መስመር ይቆልፍ፤ እስኪወጣ ድረስም እንደቆለፈ ይቆይ። ሌላ ኮምፒዩተር በዚያው ስም ለመግባት ሲሞክር መቆለፍ ስለማይችል ሰውዬው ገብቶ እንዳለ ያውቃል። ኮምፒዩተሩ በድንገት ከጠፋ ሰርቨሩ ግንኙነቱ መቋረጡን ሲያውቅ ቁልፉን ራሱ ይለቃል፤ ሰርቨሩም አብሮ ከጠፋ ሲነሳ አንዳች ቁልፍ አይቀርም። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ሰርቨሩ መቋረጡን እስኪያውቅ ጥቂት ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል፣ ለሠራተኛው የሚታየው መልእክት «ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» እንዲል ያድርጉ። በተጨማሪም በቆየው ኮድ ውስጥ «ሁሉንም ቁልፎች ልቀቅ» የሚል ትእዛዝ በየቦታው ተበትኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም የእርስዎን ቁልፍ አብሮ ስለሚለቀው የመቆለፊያውን ሠንጠረዥ በራሱ የተለየ የዳታ ክፍለ ጊዜ (ዳታ ሴሽን) ውስጥ ይክፈቱት።

የይለፍ ቃሉ ራሱ

የይለፍ ቃል ፈጽሞ የማይቀርባቸው ቦታዎች አሉ፤ የዊንዶውስ መግቢያ አንዱ ነው። በየወሩ ቀይሩ የሚል ደንብ ያላቸው ቤቶች ሠራተኛው «መስከረም1»፣ «ጥቅምት1» እያለ በወር ስም እንዲቀጥል ከማድረግ ያለፈ ጥቅም አላገኙበትም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የማንነት ማረጋገጫ መመሪያ፣ የይለፍ ቃል መሰረቁ ካልተጠረጠረ በቀር በየጊዜው አስገድዶ ማስቀየር እንደማይገባ፣ ተጠቃሚው የሚመርጠውም ቢያንስ 8 ፊደል እንዲሆን አስፍሯል። ረዘም ያለ፣ ሠራተኛው በቃሉ የሚይዘው ሐረግ ይመረጥ፤ በየወሩ መቀየሩ ይቅር።

በሶፍትዌሩ ውስጥ የቀሩ የይለፍ ቃሎችን በሚመለከት፣ ሠንጠረዡን ይክፈቱና በምን መልክ እንደተቀመጡ በዓይንዎ ይዩ። የፎክስፕሮ ሠንጠረዥ የሚቀመጥበት ዲቢኤፍ ፋይል እንደ ኤክሴል ባለ ሌላ ፕሮግራም ሊከፈት ይችላል፤ በግልጽ ጽሑፍ የተቀመጠ ከሆነ የዳታው ፎልደር ያለው ማንኛውም ሠራተኛ የሥራ አስኪያጁን የይለፍ ቃል ያነባል። አንዳንድ ፕሮግራመሮች የፎክስፕሮን የማረጋገጫ ድምር ተግባር እንደ መደበቂያ ይጠቀሙበታል፤ ተግባሩ የፋይል ስሕተት ለመለየት የተሠራ በመሆኑ ለዚህ አይሆንም። ፎክስፕሮ ለዚህ የሚሆን የራሱ መሣሪያ ስለሌለው ከውጭ የታወቀ ላይብረሪ ማስገባት፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም የተለየ ጨው ማለትም በዘፈቀደ የተመረጠ ተጨማሪ ቁጥር መጠቀም ያስፈልጋል። የቢሮ ሠራተኞች በዊንዶውስ ስማቸው የሚገቡ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው የእነሱን የይለፍ ቃል ከሠንጠረዡ ጨርሶ ማጥፋት ነው፤ የሌለ ነገር አይሰረቅም።

ሜኑው

ሜኑን ለማስተካከል የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ለዓይኑ ያልጣመውን ማስወገድ ነው። እኔ ግን ምንም ሳልነካ አንዲት የኮድ መስመር እጨምራለሁ፤ አንድ የሜኑ ምርጫ በተነካ ቁጥር የተጠቃሚውን ስም፣ የምርጫውን መለያና ጊዜውን በአንድ ሠንጠረዥ የምትጽፍ። ይህን ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ወር መተው ያስፈልጋል፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ፣ የደመወዝ ሥራና የባንክ ማስታረቅ የሚመጡት በወር አንድ ጊዜ ነውና። በወሩ ውስጥ አንዴም ያልተነካ ምርጫ ሁሉ ትርፍ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የዓመት መዝጊያው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይነካል፣ ያን ቀን ከጠፋ ግን ቤቱ ይናወጣል። መዝገቡን ሲያነቡ ሰዓቱን ያስታውሱ፤ ካሸሯ «ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው የሰረዝኩት» ብትልና መዝገቡ 14:20 ቢል ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

መዝገቡ ሲሰበሰብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ አንድ ሰው በቀን ውስጥ የሚነካቸው ምርጫዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሜኑው በሞጁል መደርደሩ ይቀርና በሥራ ድርሻ ይደራጅ። ካሸሯ ስትገባ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የዕለት ሂሳብ መዝጊያና የዋጋ መጠየቂያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታዩዋት፤ የንብረት ሠራተኛው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ። ለዚህ ሲባል ለእያንዳንዱ ድርሻ የተለየ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ሜኑው በኮድ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ ያውጡትና በሠንጠረዥ ያድርጉት፤ መለያ፣ የሚታይ ስም፣ የሚጠራው ፕሮግራም፣ ተራ ቁጥርና የተፈቀደለት የሥራ ድርሻ ይኑሩት። ፕሮግራሙ ሲነሳ የተጠቃሚውን ድርሻ የሚመለከቱትን መስመሮች አንብቦ ሜኑውን ይገነባል። ከዚያ በኋላ አንድን ምርጫ ማንሳት ወይም መጨመር መስመር ማስተካከል ብቻ ይሆናል።

አንድን ምርጫ መደበቅና ማደብዘዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ሠራተኛው መቼም የማይነካው ነገር ጨርሶ አይታየው። አሁን ለጊዜው የማይሠራ ነገር፣ ለምሳሌ ያልተዘጋ ዕለት ስላለ የማይከፈት የወር ማጠቃለያ፣ ደብዝዞ ይታይ፤ ሲነካም ምክንያቱን ይናገር። አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ምርጫ «ሲስተሙ ተበላሸ» የሚል ስልክ ያመጣል።

ስንት ደረጃ ይሁን ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ አንድ የታወቀ ሙከራ 64 ምርጫዎችን በተለያየ አደረጃጀት አወዳድሮ፣ ሰዎች በፍጥነትና በትንሽ ስሕተት ያገኙት በሁለት ደረጃ፣ በእያንዳንዱም 8 ምርጫ ሲደረደሩ መሆኑን አሳይቷል። ሁለት ሁለት እያሉ ስድስት ደረጃ ወደ ታች መውረድ ከሁሉ የከፋ ነበር። በቆዩ ፕሮግራሞቻችን የሚታየው አራትና አምስት ደረጃ በአብዛኛው የመጣው ከማያ ገጹ ጥበት ነበር፤ ማያ ገጹ 25 መስመር ብቻ በሚይዝበት ዘመን የተጻፈ ሜኑ ዛሬ በሰፊ ስክሪን ላይ ያንኑ ጠባብነት ይዞ ይገኛል።

አሁን ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚህ ከተማ ከአንድ መደብር ሜኑውን አሳምሬ ካስተካከልኩ በኋላ በሥራው ብዙ ዓመት የቆዩ ካሸር፣ እኛ እታለም የምንላቸው፣ ኪቦርዱን ገፍተው ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ሦስት አንድ አራቴን የት አደረስክብኝ?» አሉኝ። በቆየው ሜኑ የዱቤ ሽያጭ በሦስት፣ በአንድ፣ ከዚያም በአራት ነበር የሚገኘው፤ እሳቸው ደግሞ ማያ ገጹን ሳያዩ በጣታቸው ነው የሚሠሩት። እኔ ያስተካከልኩትን ሁሉ ትቼ በዚያው ምሽት የቆዩትን ቁጥሮች መለስኩ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፤ የሚታየው ሜኑ ይለወጥ፣ የቆየው የቁጥር መንገድ ግን እንዳለ ይኑር። በሜኑ ሠንጠረዡ ላይ «የቆየ መንገድ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ትንሽ የቁጥር ሳጥን ያስቀምጡ፤ 314 ተጽፎ ኢንተር ሲጫን በቀጥታ የዱቤ ሽያጩ ይከፈት። ትልልቆቹ የንግድ ሥርዓቶችም በዚህ ነው የሚሠሩት፤ ኤስኤፒ የተባለው የትልልቅ ድርጅቶች ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች በሜኑ ከመውረድ ይልቅ የትራንዛክሽን ኮድ ይጽፋሉ። አዲስ ለተጨመረ ምርጫ የቆየ ቁጥርን ደግሞ አይስጡ፤ ከአገልግሎት የወጣው 314 ለሌላ ሥራ ከተሰጠ ጣት የለመደውን ይነካና ያልታሰበ ነገር ይመዘገባል።

የምርጫዎቹ ስም በሥራ ቦታው የሚነገረው ይሁን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ «የዕቃ ገቢ ማረጋገጫ» ከሚል ርዕስ ይልቅ «ሞዴል 19»፣ ለወጪም «ሞዴል 22» ቢባል የንብረት ሠራተኛው ሳያነብ ያውቀዋል። በግል ድርጅት ሂሳብ ሠራተኞች «ፖስት ማድረግ» የሚሉትን በመዝገበ ቃላት ቃል መተካት ማንንም አይጠቅምም።

አማርኛ ፊደልን በሚመለከት የቆዩ ፕሮግራሞች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ወደሚሰጠው ደረጃ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው፤ ፎክስፕሮ ግን አንድን ፊደል በአንድ ባይት ስለሚይዝ ዩኒኮዱን በራሱ መቆጣጠሪያዎች ላይ ማሳየት አይችልም። በእነዚህ ፕሮግራሞች የምናየው አማርኛ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ የላቲን ፊደላትን ቦታ በወሰዱ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ለሜኑ የምመክረው ቀላል መንገድ የምርጫዎቹን ስም በማንኛውም ዘመናዊ ፕሮግራም በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት ጽፎ በምስልነት ማስቀመጥና ምስሉን በቁልፉ ላይ ማሳረፍ ነው። ስሞቹ ጥቂትና ቋሚ ስለሆኑ ይህ አድካሚ አይሆንም፤ ፎንት መጫንም አያስፈልግም። የደንበኛና የዕቃ ስም የመሳሰለውን በየቀኑ የሚገባ ጽሑፍ ግን በምስል መፍታት አይቻልም፤ እሱን አሁን አይንኩት።

ሜኑን መደበቅ ዳታን መጠበቅ እንዳልሆነ ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት። በፋይል መጋራት የሚሠራ ፕሮግራም ተጠቃሚው በዳታው ፎልደር ላይ የመጻፍ መብት እንዲኖረው ግድ ይላል፤ ፎልደሩን በኤክስፕሎረር ያገኘ ሠራተኛ ሜኑው የከለከለውን ሁሉ በሌላ መሣሪያ ከፍቶ ሊለውጠው ይችላል። ሁሉንም ሠራተኛ በሪሞትአፕ ማሠራት ፎልደሩን ከሠራተኛው ኮምፒዩተር ስለሚያርቀው ችግሩን ያቃልለዋል፤ ሙሉ መፍትሔው ግን ዳታውን እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ወዳለ የዳታ ቋት ማዛወር ነው።

ሶርስ ኮዱ ከሌለ

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከአገር ወጥቶ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ኮዱ የማይገኝባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ የሚሠራው ከውጭ ብቻ ነው። የፕሮግራሙን ማስነሻ አቋራጭ ይመርምሩ፤ የድርጅቱን ፎልደር ወይም የተጠቃሚውን ስም ከአቋራጩ የሚቀበሉ አሉ። በውስጡ ያለውን የተጠቃሚዎች ማስተካከያም ይክፈቱት፤ ፒችትሪን የመሰሉ የሂሳብ ፕሮግራሞች የተጠቃሚ መብትን የመከፋፈያና የራስን አቋራጮች የመደርደሪያ ቦታ ይዘው ሳለ፣ ለዓመታት ማንም ነክቶት የማያውቅበትን ቤት ደጋግሜ አይቻለሁ። ቁልፎችን በራሱ የሚጫን ትንሽ ስክሪፕት ሜኑው ውስጥ ሦስት ደረጃ ለማውረድ ጥሩ ነው። የይለፍ ቃል ግን በስክሪፕት ውስጥ በፍጹም አይጻፍ፤ ከኪቦርዱ ሥር ያለውን ወረቀት ወደ ፋይል ማዛወር ብቻ ይሆናል።

ሥራ ላይ ማዋል

ቀኑን ሲመርጡ ሐምሌንና ነሐሴን ይለፏቸው፤ ቅዳሜም ትልቁ ገበያ የሚቆምበት ቀን ነውና አይሆንም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ መጀመሪያ ባንድ ባንኮኒ ብቻ ይጀምሩ። ከዋዜማው ማታ ሙሉ ባክአፕ ይወሰድ፣ ባክአፑም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይታይ። የቆየው ሜኑ ለአንድ ወር «የቀድሞው ሜኑ» በሚል አንድ ቁልፍ ሥር ይቆይ፤ ቁልፉ በተነካ ቁጥር ያ መዝጋቢ ሠንጠረዥ ስለሚጽፈው፣ ማን ለምን እንደተመለሰ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተረሳ ምርጫ ይገኛል።

በወሩ መጨረሻ ቁልፉን ማንም ካልነካው ይነሳ። በዚያው ቀን በተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ውስጥ የቀሩትን «አድሚን»፣ «ዩዘር1» እና ከሥራ የለቀቁ ሰዎችን ስሞች ይዝጉ፤ አይሰርዟቸው፣ በእነሱ ስም የተመዘገቡ ደረሰኞች ባለቤት አልባ ይሆናሉና። ከዚያም ከኪቦርዶቹ ሥር የተለጠፉትን ወረቀቶች እየዞሩ ይሰብስቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ሲመጡ አዲስ ወረቀት የተለጠፈበት ባንኮኒ ካለ እዚያ ላይ ገና ያልቀለለ መግቢያ አለ።